ጫፉን ችካል የሚይዘው ገመድ

ከዝግባ ውሃ ወንዝ ማዶ ያሉ ሰዎች የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ሦስት ሳምንት ሲቀራት ወደ ወይራ አምባ የሚወጣውን የበዓል መንገድ ይለካሉ። መንገዱ ከወንዙ ዳር ካለው ትልቅ ሾላ ተነሥቶ ውሃውን ተከትሎ ይሄድና፣ ወንዙ በሚሳሳበት መልካ ተሻግሮ፣ የእርሻውን ሜዳ አቋርጦ፣ ኮረብታው ላይ ካለችው ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። የሚለካው ሠላሳ ክንድ በሚሆን የጠፍር ገመድ ነው። ለእንግዳ የሚገርመው ግን ለኪው ብቻውን መሥራቱ ነው፤ አንዱን ጫፍ ከችካል ያስራል፣ ሌላውን ይዞ ይሄዳል፣ ገመዱ ሲወጠር ምልክት ያደርግና ተመልሶ ችካሉን ይነቅላል። ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ሞልቷል። አገሩን የማያውቅ መንገደኛ አዝኖለት «ጫፉን ልያዝልህ?» ቢለው «እጅህ ይረፍ» ይለዋል እንጂ አይሰጠውም።

ልማዱ የመጣው ከምንተስኖት ነው ይባላል። ዘመኑን ሽማግሌዎቹ አንድ ዓይነት አይናገሩትም፤ ከእሱ በፊት ሰው ወደ አምባው የሚወጣው በገደሉ አፋፍ በኩል እንደነበር ግን ሁሉም ይስማማሉ። ጉልበት ያለው ይደርሳል፤ የሌለው ታች ቀርቶ የከበሮውን ድምፅ ይሰማል። ታች ከሚቀሩት አንዷ የምንተስኖት እናት ወይዘሮ ትርንጎ ነበሩ። ልጃቸው በሕፃንነቱ ከፈንጣጣ ሲተርፍ ለኪዳነ ምሕረት ጥላ ተስለው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ጥላውን አሠርተው በገዛ እጄ አደርሳለሁ እንዳሉ ወገባቸው ከዳቸው። ጥላው በጨርቅ ተጠቅልሎ ዘጠኝ ዓመት ከምሰሶው ላይ ተንጠለጠለ። በሌላ ሰው እንዲልኩት ሲመከሩ፣ «የተሳልኩት እኔ፣ የሚሄደው ሌላ?» እያሉ እምቢ ይሉ ነበር።

ምንተስኖት በሩን ዘግቶ ከሄደ በኋላ መዝጋቱን ለማየት ሁለት ጊዜ የሚመለስ ዓይነት ሰው ነበር። ደካማ የሚወጣበት መንገድ ልፈልግ ብሎ የአምባውን ቄስ መምሬ ዘውዱን ሲያስፈቅድ እንኳ «ምናልባት» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ደጋገመው ይላሉ። መጀመሪያ እናቱን በግቢያቸው ዙሪያ አስሄዳቸው። ሦስት ገመድ ያህል ሲሄዱ ትንፋሻቸው እንደሚያጥር አየና፣ በየሦስት ገመዱ ሰው የሚያርፍበት ድንጋይ ለማስቀመጥ ወሰነ። ከዚያ ጥር ወር ሲገባ ከሾላው ጀመረ።

የገመዱን ሌላ ጫፍ የያዘለት አብሮ አደጉ ናደው ነበር። ናደው ሳቂታና ደፋር ነው፤ ጓደኛው አንዱን ስፍራ ሦስት ጊዜ ሲለካ እያየ፣ «አንተ ሚስት ስታገባም እንዲህ በገመድ ለክተህ ነው! እስክትጨርስ ልጅቷ ታረጃለች» ይለዋል። መንገዱ ሜዳው ላይ ሲደርስ የሚሻለው መሬት የናደው ማሳ ሆኖ ተገኘ። ከላዩ ቋጥኝ ነው፣ ከታቹ ደግሞ ምንጭ የሚያጠጣው ረባዳ። ምንተስኖት ለመጠየቅ ሲያፍር፣ ናደው በመምሬ ዘውዱና በሰዉ ፊት «በማሳዬ ይለፍ! እማማ ትርንጎ ረግጠውት ገብስ ካላበቀለ ይቅርብኝ» አለ። ሰዉ ሁሉ መረቀው።

ድንጋዮቹ ተተከሉ። ናደው ወደ ቤቱ በሄደ ቁጥር ምንተስኖት ወደ ኋላ ይቀርና፣ የመሬት ወሰን ሲከለል እንደሚደረገው፣ ከየድንጋዩ ሥር ማረሻ የማይደርስበት ድረስ ቆፍሮ አንድ እፍኝ ከሰል ይቀብር ነበር። ከሰል አይበሰብስም። ይህን ያደረገው ሰው ጠርጥሮ አይደለም፤ ነገ ራሴን ብጠራጠር ብሎ ነው። ናደው እንዳይስቅበትም አልነገረውም።

በበዓሉ ቀን ከሁለት መቶ የሚበልጥ ሰው ተከተለው። ወይዘሮ ትርንጎ ጥላቸውን ታቅፈው ከፊት ነበሩ፤ በየድንጋዩ አረፍ እያሉ «ይኸኛውስ ልክ ትንፋሼ ሲያልቅ ደረሰ» ሲሉ ልጃቸው በደስታ አንገቱን ይደፋል። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ግን የናደው ማሳ ዳር እስከ ዳር ታርሶ ተዘርቶበታል። ድንጋዮቹ በስተታች በኩል፣ በረባዳው ዳርቻ ተሰልፈዋል። ምንተስኖት ቆመ። ለብዙ ጊዜ የሚያውቀው ገለባና ቁጥቋጦ በሙሉ ጠፍቶ መሬቱ ሌላ መልክ ይዟል።

«ናደው፣ ድንጋዩ እዚህ ነበር እንዴ?»

«የለካኸው አንተ አይደለህ?» አለ ናደው፣ ዓይኑን ወደ አምባው አድርጎ።

ከኋላ ሰዉ ይገፋል፣ ከላይ ከበሮው ይሰማል። ምንተስኖት ከሐሳቡ ይልቅ ድንጋዩን አመነ። ከሁለት ቀን በፊት የበልግ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ላዩ ሣር የለበሰው ረባዳ ውስጡ ጭቃ ሆኗል። ወይዘሮ ትርንጎ በሦስተኛው እርምጃቸው እስከ ጭናቸው ሰመጡ። ሲጎትቷቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ጥላውን ግን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ይዘውት ስለነበር ጭቃ አልነካውም። «ይኸው የገመዱ ሊቅ!» አለ አንዱ። «እናቱን እንኳ ለክቶ ገደል ከተታት!» አለ ሌላው። ናደው ቃሬዛውን ከተሸከሙት አራት ሰዎች አንዱ ነበር።

ወይዘሮ ትርንጎ ከአልጋ ሳይነሡ አንድ ወር ቆዩ። አንድ ቀን ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ «ምንቴ፣ እውነት ተሳስተህ ነው?» ሲሉ ጠየቁት። ብዙ አሰበና «ሳይሆን አይቀርም፣ እማዬ» አላቸው። «እንግዲያው አትዘን፤ ለእኔ ብለህ ነው የተሳሳትከው» አሉት። በሳምንቱ ሞቱ። ናደው መቃብር ቆፈረ፤ ለቅሶ ቤትም ሦስት ቀን አደረ።

ምንተስኖት ስሕተቱ የት ላይ እንደሆነ ካላወቀ የሚያርፍ ሰው አልነበረም። ቢሆንም የሰው ሰብል መርገጥ ስላልፈለገ የናደው ገብስ እስኪታጨድ ጠበቀ ይባላል። ሰኔ ላይ ገመዱን ይዞ ወደ ሾላው ወረደ። መሳቂያ የሆነ ሰው ማንን ያስቸግራል? የሚይዝለት ስላጣ ጫፉን ከችካል አሰረው። አርባ ሁለት ገመድ ቆጠረ፤ አርባ ሁለተኛው የናደው ማሳ መሐል ላይ አለቀ። ተሳስቻለሁ ብሎ ተመልሶ ከሾላው ቆጠረ፤ እዚያው አለቀ። በሦስተኛውም እዚያው ሲያልቅ ተንበርክኮ ቆፈረ። ክንድ በሚያህል ጥልቀት ላይ ከሰሉን አገኘው።

ናደው ማሳው ዳር ነዶ ይከምር ነበር። ምንተስኖት መዳፉን ዘርግቶ አሳየው። ናደው አየውና ከክምሩ ወረደ።

«አንድ ጊዜ ከተረገጠ መንገድ ሆኖ ሊቀር ነው ብዬ ፈራሁ» አለ። «ያለኝ ይኸው መሬት ነው። በሰው ፊት የሰጠሁትን ቃል ማጠፍ ደግሞ አፈርኩ። ድንጋዩን ሳወርደው ታቹ ደረቅ ነበር፤ ዝናቡን አላሰብኩም።»

«ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«አንተንማ አስቤሃለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ይመረምር ነበር። አንተ ግን ራስህን ጠርጥረህ ዝም እንደምትል አውቅ ነበር።»

«ተሳስቻለሁ አልኳት እኮ» አለ ምንተስኖት። «አምናኝ ሞተች።»

ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ናደው ከማሳው መሐል ሦስት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ መሬት ለዘለዓለም እንዲተው ፈረዱበት፤ ሁለቱን ተሳሳሙ አሏቸው፣ ተሳሳሙ። ምንተስኖት ቂም አልያዘም የሚሉ አሉ። አልያዘም ወይም አልተናገረም፤ ይህን በርግጥ የሚያውቅ የለም።

በዓመቱ ጥር ላይ ምንተስኖት መንገዱን ሊለካ ሲወርድ ናደው ቀድሞት ሾላው ሥር ቆሞ አገኘው። እንደ ድሮው እየቀለደ ሊያናግረው ጀመረና ቀልዱን ትቶ እጁን ዘረጋ።

«ጫፉን ልያዝልህ?»

ምንተስኖት ገመዱን አየ፣ እጁንም አየ።

«እጅህ ይረፍ» አለው፣ በክፉ ድምፅ አልነበረም፤ ጎንበስ ብሎም ችካሉን መታ።

ጥላውን በዚያ ዓመት እሱ ራሱ አደረሰው። ዛሬ በዕቃ ቤቱ ውስጥ ቀለሙ የለቀቀ አንድ አሮጌ ጥላ አለ፤ ያ ነው ይላሉ። ሜዳው ላይም ከግራና ከቀኝ ገብስ ሲዘራ መሐሉን ሣር ይዞት የሚኖር፣ ሦስት ሰው የሚያሳልፍ ጠባብ መሬት አለ። ለኪው እዚያ ሲደርስ በአካባቢው የሚያርሱት የናደው ልጅ ልጆች በሬዎቻቸውን አቁመው፣ ችካሉ ተነቅሎ እስኪያልፍ ድረስ ዳር ላይ ይቆማሉ። ጫፉን ልያዝልህ ብሎ የሚጠይቅ ግን ከእነሱ መካከል የለም።