ግማሽ ሹሩባ

ተረቴ ደጅ ቆማለች፤ እግሯን ጠርጋ ትግባ?
ትግባ ካላችሁ፣ እነሆ ገባች።

ትርንጎ የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተማረች፤ ፊደል ግን አልቆምላት አለ። ጠዋት ያወቀችው ቃል ከሰዓት ሌላ ይሆንባታል። መስመር ትጀምርና መሃል ላይ ትጠፋለች። ርዕሰ መምህሩ አቶ ዳምጤ ካርዷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሰነፍ ናት» ብለው ጻፉ። እሱንም ያነበበላት ሌላ ሰው ነው።

ትርንጎ የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ነበር፤ ለምን እንደማታነብ ማወቅ። ሰነፍ ከሆነች ሰነፍ ነሽ ይበሏት፤ ካልሆነች ደግሞ ምን እንደሆነች ይንገሯት።

በዚያ ሳምንት መምህርት ሐያት ወደ ከተማው መጣች። ትምህርት የሚከብዳቸውን ልጆች እየፈተነች ምክንያቱን የምትፈልግ እሷ ናት። በዓመት አንዴ ትመጣለች፣ ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት መኪና ትመለሳለች። ትርንጎ ዓይነ አፋር ስለሆነች አራት ቀን ሐያት የምትፈትንበትን ክፍል በር እያየች ተመለሰች። ዓርብ ጠዋት ገባች።

«ደስ ይለኛል» አለች ሐያት፤ «ግን ከትምህርት ቤትሽ ደብዳቤ ካልያዝሽ ልፈትንሽ አልችልም።»

ትርንጎ ወደ ትምህርት ቤት ሮጠች። እናቷ አስካለ ቀድማት ደርሳለች። አስካለ ሹሩባ ሠሪ ናት፤ ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ ከሰው ሰምታ፣ ሥራዋን ሰው ቤት ጥላ መጥታ የአቶ ዳምጤ በር ላይ ተቀምጣለች።

«ጽፌያለሁ እኮ፣ ወይዘሮ አስካለ» አሉ አቶ ዳምጤ። «ማኅተም ነው የቀረው። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ወረቀት ነው።»

«ማኅተሙስ?»

«ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ቁልፉ ጋሽ ደርብ ኪስ ውስጥ ነው። ጋሽ ደርብ ለቅሶ ቤት ነው።»

«ሂጂ ጥሪያቸው» አለች አስካለ ልጇን። «እኔ ደብዳቤው እጄ ሳይገባ ከዚህ አልነሳም። ከተነሳሁ ነገ ነይ ይሉኛል።»

አቶ ዳምጤ ያልሰሙ መስለው መስኮት ከፈቱ።

ሌላ ልጅ ብትሆን ይህን ሁሉ ወረቀት ላይ ትጽፈው ነበር። ትርንጎ በአፏ ያዘችው፦ ሐያት ያለ ደብዳቤ አትፈትንም፤ ደብዳቤ ያለ ማኅተም አይሄድም፤ ማኅተም ያለ ቁልፍ አይወጣም፤ ቁልፍ ያለ ጋሽ ደርብ አይመጣም። እያለች፣ እያለች ለቅሶ ቤት ደረሰች።

ጋሽ ደርብ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ናቸው፤ ደግሞም የዕድሩ ድንኳን ኃላፊ ናቸው። ድንኳኑ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ለቀስተኛው ሄዷል።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ቢሰጡኝስ?»

«በፊርማ የተረከብኩትን ማኅተም ለልጅ ልስጥ? በእጄ ነው የምከፍተው።»

«እንግዲያው ይምጡ።»

«ድንኳኑንም በፊርማ ነው የተረከብኩት። ሳይፈርስ ከዚህ አልነሳም።»

«ለምን አይፈርስም?»

«ድስቱ፣ ሳህኑ፣ ብርጭቆው ውስጡ ነዋ። ራሳቸው ላይ ላፍርሰው?»

ትርንጎ ዕቃ ወደሚያጥቡት ሴቶች ዞረች። ዕቃው ለምን እንደማይወጣ በቀስታ ጠየቀች፤ በጣም በቀስታ ስለሆነ ሁለቴ ጠየቀች።

«ተረካቢዋ እትዬ ማንጠግቦሽ ናት» አለች አንዷ። «እሷ ሳትመጣ ማንኪያ አይነቃነቅም። ባለፈው አንድ ጭልፋ ጠፍቶ ስንት ወር ተኳርፈናል።»

ትርንጎ ሄደች። ስትሄድም አለች፦ ሐያት ያለ ደብዳቤ አትፈትንም፤ ደብዳቤ ያለ ማኅተም አይሄድም፤ ማኅተም ያለ ቁልፍ አይወጣም፤ ቁልፍ ያለ ጋሽ ደርብ አይመጣም፤ ጋሽ ደርብ ድንኳን ሳይፈርስ አይነሱም፤ ድንኳን ዕቃ ሳይወጣ አይፈርስም፤ ዕቃ ያለ እትዬ ማንጠግቦሽ አይወጣም።

የእትዬ ማንጠግቦሽ በር ገርበብ ብሏል። አንድ ዓይን ብቻ ብቅ አለ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ትርንጎ። ለቅሶ ቤት ዕቃ ይረከቡ ተብለዋል።»

«በዚህ ራስ?» በሩ ተከፈተ። የእትዬ ራስ ግማሹ ቀጭን ሹሩባ ተሠርቶ ተኝቷል፤ ግማሹ እንደ ተጣላች ዶሮ ላባ ቆሟል። «ሳቂ፣ አትፈሪ።»

ትርንጎ አልሳቀችም። «ነጠላ ቢያደርጉበትስ፣ እትዬ?»

«ድስት ላነሳ ጎንበስ ስል ይወድቃል። ያን ጊዜ ሐዘንተኛው ሳይቀር በእኔ ይስቃል። ሹሩባዬ ሳያልቅ ከዚህ ቤት አልወጣም።»

«ማነው ጀምሮ የተወዎት?»

«እናትሽ ናታ። ልጄ ብላ ሚዶዋን ጥላ በረረች።»

ትርንጎ ደጃፉ ላይ ቆመች። ትንፋሽ ውሰዱ፤ እሷም ወስዳለች። ሐያት ያለ ደብዳቤ አትፈትንም፤ ደብዳቤ ያለ ማኅተም አይሄድም፤ ማኅተም ያለ ቁልፍ አይወጣም፤ ቁልፍ ያለ ጋሽ ደርብ አይመጣም፤ ጋሽ ደርብ ድንኳን ሳይፈርስ አይነሱም፤ ድንኳን ዕቃ ሳይወጣ አይፈርስም፤ ዕቃ ያለ እትዬ ማንጠግቦሽ አይወጣም፤ እትዬ ሹሩባ ሳያልቅ አይወጡም፤ ሹሩባ ያለ እማዬ አያልቅም፤ እማዬ ደብዳቤ ሳትይዝ አትነሳም። ነገሩ ዞሮ ዞሮ የራሷን ቤት በር አንኳኳ።

ሰባት ሰዓት ሆኗል። መኪናው በዘጠኝ ነው።

«እትዬ» አለች፤ «እኔ ልጨርሰው።»

«አንቺ? ፊደል ላይ የምትጠፊው ልጅ፣ ደግሞ እኔ ራስ ላይ ልትጠፊ?»

ትርንጎ አንገቷን ደፋች። እናቷ የሰው ራስ አስነክታት አታውቅም፤ እሷም ነክቼ ልይ ብላ አታውቅም። ግን ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ አጠገቧ ተቀምጣ አይታለች። ጎንበስ ብላ ሚዶውን ከመሬት አነሳች።

«ፊደል ይጠፋብኛል እንጂ ጣቴ አይጠፋም። ጠማማ ከሆነ ይፍቱት፤ እኔም ሁለተኛ አልመጣብዎትም።»

እትዬ ጣቶቿን አዩ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ትርንጎ ጸጉሩን በሚዶ ከፈለች፣ መስመር አወጣች፣ ሦስት ሦስት አድርጋ ያዘች። የመጀመሪያው ጠመመባት፣ ፈታችው። ሁለተኛው ቀጥ አለ። እትዬ እንደ ልማዳቸው እየተነጫነጩ ጀመሩ፣ ኋላ አንቀላፉ።

ሲያልቅ መስታወት አነሱ። ወዲህ አዩ፣ ወዲያ አዩ።

«እናትሽ የሠራችው ወገን የትኛው ነበር?» አሉ።

ሹሩባው አለቀ፤ እትዬ ወጡ። እትዬ ሲወጡ ዕቃው ወጣ፤ ጭልፋውም አልጎደለም። ዕቃው ሲወጣ ድንኳኑ ፈረሰ፤ ድንኳኑ ሲፈርስ ጋሽ ደርብ ተነሱ፤ ጋሽ ደርብ ሲነሱ ቁልፉ መጣ፤ ቁልፉ ሲመጣ ማኅተሙ ወጣ፤ ማኅተሙ ሲወጣ ደብዳቤው ተመታ፤ ደብዳቤው ሲመታ አስካለ ቀሚሷን አራግፋ ተነሳች። እናትና ልጅ ሮጡ።

ሐያት ቦርሳዋን ዘግታ ስትወጣ በር ላይ ደረሱባት። ደብዳቤውን አየች፣ ሰዓቷን አየች፣ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች።

«እስቲ ይህን አንብቢልኝ» ብላ መጽሐፍ ሰጠቻት።

ትርንጎ ሁለት ቃል አነበበች። ሦስተኛው ላይ መስመሩ ጠፋባት።

«ተዪው። ለምን እንደዘገየሽ ንገሪኝ።»

ትርንጎ መሬት መሬት እያየች ተናገረች፤ ከሐያት እስከ እማዬ፣ ከእማዬ መልሳ እስከ ሐያት፣ አንድም ሳትዘል።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች ሐያት እየጻፈች፤ «ድንኳኑ ከዕቃው በፊት ነው በኋላ?»

«ዕቃው ይቀድማል፣ መምህርት።»

ከዚያ ፊደል አሳየቻት፣ ድምፅ አሰማቻት፣ ቅርጽ በጣቷ እንድትስል አደረገቻት። መኪናው ጥሩምባውን ነፍቶ ሄደ። ሐያት ቀና አላለችም።

በመጨረሻ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የሰማሽው ይቀመጣል፤ በእጅሽ የያዝሽውም ይቀመጣል። በዓይን የሚገባው ፊደል ነው የሚምታታብሽ። እንዲህ የሚሆኑ ብዙ ልጆች አሉ። ቁርጡን ለመናገር ነገም ላይሽ ይገባል፣ እዚሁ አድራለሁ። አንድ ነገር ግን ዛሬም አውቃለሁ። ሰነፍ አይደለሽም። ማንበብ ትችያለሽ፤ የምንሄድበት መንገድ ግን ሌላ ነው፣ ይረዝማል።»

የትርንጎ አፍ በቀስታ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የሰማችውን እየያዘች ነው።

አስካለ ካርዱን ከጉያዋ አወጣች። «መምህርት፣ ሰነፍ ናት ያሏት በጽሑፍ ነው። አይደለችም የሚለውንም በጽሑፍ እፈልጋለሁ።»

ሐያት ጻፈች፣ ፈረመች።

እናትና ልጅ ተያዩ። «ማኅተሙስ?» አለች ትርንጎ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ከፍ አለ።

ሐያት ቦርሳዋን ከፈተች፣ ማኅተም አወጣች፣ እፍ አለችበትና ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ መታችው።

ተረቴ በገባችበት በር ወጣች፤ እናንተ ደግሞ ከመጨረሻው ጀምራችሁ መልሱልኝ።