ያልታየው አንበሳ

አንድ ሐሳብ ይዞት ጭልጥ የሚል ገበሬ ነበር። ሞፈሩን ተደግፎ ደመናው ላይ ፈረስና ግመል ሲያይ ጌታው ፊታውራሪ ሽብሩ ደረሱበት።

"አንተ ፈዛዛ! መሬቴ የሚታረሰው በበሬ ነው በደመና? ከእንግዲህ በዓይኑ ያላየውን የሚያስብ ሁሉ ጀርባው በጅራፍ ይተለተላል!" ብለው አወጁ።

ፊታውራሪ ግብር ባበሉ ዕለት ጠጁ ሞቅ ሲያደርጋቸው ተነሥተው፣ በረሃ ወርደው ብቻቸውን አንበሳ እንደ ገደሉ ፎከሩ። አዳራሹ በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ። ገበሬው ግን ሥጋውን ያላምጣል።

"አንተ! ጌታህ ሲፎክር ዝም? ገዳይነቴን ተጠራጠርክ?"

ገበሬው ጉርሻውን ዋጥ አድርጎ እጅ ነሣ። "ኧረ ምን ቆርጦኝ ጌታዬ! አንበሳውን በዓይኔ አላየሁት፤ በሐሳቤ ልየው ብል ደግሞ ጅራፉን ፈራሁ። ብቻዎን ነበሩ ካሉ ግን፣ መጀመሪያ የሚገረፉት እነዚህ እልል ያሉት ናቸው።"