ከፈረስ የሚወድቀው ሰው

በሆሊውድ አንድ አስቂኝ የካውቦይ ፊልም ሲሠራ፣ ዋናው ተዋናይ ሚስተር ሃርላን ፈረስ ገና ከሩቅ ሲያይ ይርድ ነበር። ስለዚህ የእሱን ልብስ እየለበሰና ባርኔጣውን እየደፋ ከፈረስ የሚወድቅለት አንድ ድሃ ፈረሰኛ ተቀጠረ። ፊልሙ ሲያልቅ ጋዜጠኞች ካሜራቸውን ይዘው መጡ። ሃርላን ፈረሰኛውን ገለል አድርጎ፣ «ነገም ሥራ እንዲኖርህ ከፈለግህ፣ ሁሉንም እኔ እንደሠራሁት መስክር» አለው። ከዚያም በጋዜጠኞቹ ፊት አቆመውና ደረቱን ነፍቶ፣ «እስቲ ንገራቸው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ከፈረስ የወደቀው ማን ነው?» ሲል ጠየቀው።

ጎድኑ ገና ያልዳነለት ፈረሰኛ ወደ ጋዜጠኞቹ ዞረ።

«ሥራውንስ ተካፍለን ነው የሠራነው» አለ። «እኔ እወድቃለሁ፣ እሳቸው ፎቶ ይነሣሉ።»