የቀጭኗ ላፕቶፕ አሥራ ሰባት ጉድለቶች

በአንድ ወቅት፣ የታይፕ ድምፅ ከወረዳ ፍርድ ቤት ደጃፎች ጠፍቶ ሳያልቅ፣ ጋሽ ደባልቄ የሚባሉ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። ከፍርድ ቤቱ በር አሥራ አራት እርምጃ ርቆ፣ ከብሳና ዛፍ ሥር፣ ሰማያዊ ላስቲክ ከላዩ የተወጠረበት አንድ ጠረጴዛና አንድ አግዳሚ ወንበር ነበራቸው። በዚያ ወንበር አርባ አንድ ዓመት ተቀምጠው የባላገሩን ክስ፣ መልስና ይግባኝ ሲጽፉ ኖሩ።

ሦስት ሰዎች አብረዋቸው ይሠሩ ነበር። እንየው ዘጠኝ ዓመት የቆየ፣ የሕጉን አንቀጽ እንደ ዳዊት የሚደግም ሰው ነው። ሽታዬ አራት ዓመት የሠራች፣ የተዘበራረቀ ወሬ ሰምታ ቀጥ ያለ አቤቱታ የምታወጣ ሴት ናት። ምንይችል ደግሞ ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነው፤ መምጣት ያልቻለ ባለጉዳይ ካለ እስከ ቤቱ ሄዶ ቃሉን የሚቀበለው እሱ ነው።

አንድ ቀን ታይፑ ተሰበረ። መለዋወጫ ቢፈለግ ጠፋ። ጋሽ ደባልቄ ከሦስቱ ኮምፒዩተር የተማረችው ሽታዬ ናትና ገንዘቡን አስይዘው ወደ ትልቁ ከተማ ላኳት። በያዘችው ገንዘብ ሁለት ነገር ቀረበላት። አንደኛው ያገለገለ፣ ወፍራምና ጉልበታም ላፕቶፕ ነው፤ ስክሪኑ ብሩህ፣ ማከማቻው ሰፊ፣ ባትሪው ግን አርባ ደቂቃ አይሞላም። ሁለተኛዋ አዲስ ናት፤ ከአንድ ኪሎ ብዙም የማትበልጥ፣ እንደ ደብተር የቀጠነች፣ ባትሪዋ ስምንት ሰዓት የሚሄድ፤ ስክሪኗ ግን ፈዛዛ፣ ጉልበቷም ትንሽ። ሽታዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከሱቁ ቆማ አገላበጠችና ቀጭኗን ይዛ መጣች።

«በዚህ ዋጋ ሁሉም ነገር አይገኝም» አለች። «የእኛ ከተማ መብራት በሳምንት ሦስት ቀን ይጠፋል። ስለዚህ ጉልበት ትቼ ዕድሜ ገዛሁ።»

ጋሽ ደባልቄ ላፕቶፗን በአንድ እጃቸው አንሥተው መዘኑና ሣቁ። ከዚያ ሦስቱንም አስቀምጠው እንዲህ አሉ፦ «ዓይኔ አልታዘዝ ብሎኛል። ለግንቦት ልደታ ከዚህ ወንበር እነሣለሁ። ላፕቶፗና ወንበሩ አብረው ለአንድ ሰው ይሰጣሉ።»

«ለሦስታችንስ ቢሆን ጋሼ?» አለ ምንይችል።

«ሦስት ሰው የያዘው ወንበር መጨረሻው ማገዶ ነው።»

ያን ቀን እንየው ዓመታቱን ሲቆጥር ዋለ። ከዘጠኝ ዓመት አራት ዓመት ቢቀነስ አምስት ይቀራል፤ በእነዚያ አምስት ዓመታት ሽታዬ የት ነበረች? ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ላፕቶፗን በሁለት እጇ ቀስ አድርጋ ስትከፍታት ባየ ቁጥር አንጀቱ ያርር ጀመር። ባለጉዳይ ሲመጣ እንኳ «ያቺ ቀጭን ነገር ያለቻት ልጅ የታለች?» ይላል እንጂ አንቀጽ የሚያውቀው የታለ አይልም።

«ምነው እንደ ሙሽራ ታብሻታለሽ?» አላት አንድ ቀን።

«አቧራ አይስማማትም።»

«አቧራ የማይስማማው ዕቃ ከፍርድ ቤት ደጅ ምን አመጣው?»

ምንይችል ሣቀ። ሽታዬ ግን ማበሷን ቀጠለች። ይህም ይበልጥ አቃጠለው።

እንየው ነገሩን በሆዱ ብቻ መያዝ ስላቃተው አንዲት ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ገዛ። በየቀኑ የላፕቶፗን ጉድለት እየለቀመ፣ ቀንና ሰዓት እየጻፈ መመዝገብ ጀመረ። አንድ፣ ስክሪኗ ፀሐይ ላይ አይነበብም። ሁለት፣ ያሏት መሰኪያዎች ሁለት ብቻ ናቸው። አምስት፣ ገላዋ ፕላስቲክ ስለሆነ በግራ በኩል ሲጫኗት ትጎብጣለች። ሰባት፣ ብዙ ነገር ከተከፈተባት ሽቅብ እንደምትወጣ አህያ ታዘግማለች። ዘጠኝ፣ ካሜራዋ ሰውን ጉም ውስጥ የቆመ ያስመስለዋል። እንዲህ እያለ አሥራ ሰባት ደረሰ። መልካም ጎኗን ግን አንድም ቀን አልጻፈም። ቁልፎቿ ለጣት እንደሚመቹ፣ ስትሠራም ድምፅ እንደሌላት ያውቅ ነበር፤ ሲያቃጥለው የኖረውም ይህን ማወቁ ነው።

ከአሥራ ሰባቱ አንዱ ከሌሎቹ ይለያል። ሽታዬ ለቅሶ በሄደችበት ቀን እንየው ብቻውን ሲጽፍባት ባትሪው «ከመቶ አሥራ አንድ ቀርቷል» እያለ በድንገት ድርግም አለች። ቻርጅ ቢሰካባት አልነሣም አለች፤ ሃምሳ ደቂቃ ቆይታ ነው የነቃችው። እንየው ሰዓቱን ቆጥሮ «ተራ ቁጥር አሥራ አንድ» ብሎ ጻፈውና ደብተሩን ኪሱ ከተተ። ለሽታዬ አልነገራትም። «አንድ ቀን በጋሼ ፊት ታዋርዳታለች፤ ያን ጊዜ የማን ምርጫ እንደነበረች ይታያል» ሲል አሰበ።

አሥራ ዘጠኝ ቀን አለፈ። በሃያኛው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ገዳሙ የሚባሉ ገበሬ ላብ አጥምቋቸው መጡ።

«የእህቴ የብርነሽ የይግባኝ ቀን ዛሬ ያልቃል» አሉ። «መሬቷን ፈርደውባታል። ውክልናው እኔ ዘንድ ነው፤ ድንበሩንና ምስክሮቹ ያሉትን የምታውቀው ግን እሷ ናት። እሷ ደግሞ እግሯ ተሰብሮ ተኝታለች።»

«ቤቷ የት ነው?» አሉ ጋሽ ደባልቄ።

«ከወንዝ ማዶ፤ የሁለት ሰዓት መንገድ። ስልክም አይሠራም።»

መዝገብ ቤቱ የሚዘጋው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። የከተማው መብራት ከማታ ጀምሮ ጠፍቷል። የላፕቶፗ ባትሪ ከመቶ ስድሳ ሁለት ላይ ነው።

ምንይችል አፍታም አልቆየም። ላፕቶፗን በፌስታል ጠቅልሎ ከጃኬቱ ሥር ደረቱ ላይ አሰራት። «ታይፑ ቢሆን ኖሮ ለእሱም አንድ አህያ፣ ለእኔም አንድ አህያ ይፈለግ ነበር» ብሎ እየሮጠ ወረደ። ወንዙ እስከ ወገቡ ሲደርስ አናቱ ላይ አድርጎ ተሻገረ። ከወይዘሮ ብርነሽ መደብ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ሰዓት ተኩል ቃሏን ተቀበለ። የሴትዮዋ ድምፅ ከሕመሙ የተነሣ የሚሰማ አልነበረም፤ ላፕቶፗ ድምፅ ስለሌላት ግን አንድም ቃል አላመለጠውም። አሥራ አንድ ገጽ ሞልቶ፣ መልሶ ወንዙን ተሻግሮ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከብሳናው ሥር ደረሰ። የግራ ጫማውን ወንዙ ወስዶበታል።

ሽታዬ ተቀበለችው። ባትሪው አርባ ሦስት ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከላስቲኩ ሥር ስለምትገባ ስክሪኑ እንደ ውኃ ነጣ። ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ብትጨምረውም አልበቃም። ሽታዬ ነጠላዋን አውልቃ ራሷንም ላፕቶፗንም ሸፈነችና በዚያ ድንኳን ውስጥ፣ ላብ ከአፍንጫዋ ጫፍ እየተንጠባጠበ፣ መጻፍ ጀመረች። ወይዘሮ ብርነሽ ሦስት ጊዜ አልቅሳ፣ ሁለት ጊዜ ረግማ፣ አንድ ጊዜ ስለ ላሟ ያወራችውን ሁሉ አጥርታ፣ ከአሥራ አንዱ ገጽ አራት ገጽ ይግባኝ አወጣች። ዳኛ አንብቦ የማይስተው ጽሑፍ ነበር። ያ ወፍራም ላፕቶፕ ተገዝቶ ቢሆን ከወንዙ ማዶ ገና አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ይሞት እንደነበር የካደ ሰው የለም።

እንየው አጠገቧ ቆሟል። አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ጎንበስ ብሎ ከነጠላው ሥር አየ፦ ከመቶ አሥራ ሁለት።

«ብዙ ቀረሽ?» አላት።

«የመጨረሻዋን አንቀጽ ብቻ። አሥራ ሁለት አላት፤ ለአንድ ሰዓት ትበቃኛለች።»

እንደማትበቃት የሚያውቅ ሰው በዚያ ደጅ አንድ ብቻ ነበር። እንየው ጋሽ ደባልቄን አየ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰማሉ። አቶ ገዳሙን አየ፤ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይጠመዝዛሉ። ዝም ቢል ሽታዬ ትዋረዳለች፤ ወንበሩም የእሱ ይሆናል። ዝም ቢል መሬቱም ይሄዳል። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆመ። ያን ያህል እንደቆመ በኋላ ራሱ ነው የተናገረው፤ ሰዓቱን እያየ ነበርና።

ከዚያ ነጠላውን ገለጠው።

«አቁሚ! አሁኑኑ ፍላሽ ላይ ገልብጪው!»

«እንየው በሞቴ፣ ልጨርስበት!»

«ገልብጪ አልኩሽ! ልትጠፋ ነው!»

«ምቀኛ! እጅህን አንሣ!»

አልሰማትም። የራሱን ፍላሽ ከኪሱ አውጥቶ በቀኙ መሰኪያ ሰካ፤ በትከሻው ገፋ አደረጋትና አራቱን ገጽ ገለበጠ። ፍላሹን ነቅሎ ሳይጨርስ ስክሪኑ ድርግም አለ።

የጎደለችዋን የመጨረሻ አንቀጽ፣ የሕጉን ጥቅስ፣ እንየው በቃሉ ያውቃት ነበርና ጄኔሬተር ካለው ማተሚያ ቤት ቆሞ እሱ ራሱ አስገባት። ይግባኙ በሦስት ቅጂ ታተመ፤ አቶ ገዳሙ የጣት አሻራቸውን አሳረፉበት። ምንይችል በአንድ ጫማ ሮጦ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ አራት ላይ መዝገብ ቤት አስገባው። ስድስት ደቂቃ ተርፏል።

አቶ ገዳሙ መርቀዋቸው ከሄዱ በኋላ ጋሽ ደባልቄ ጠየቁ። «እንደምትጠፋ እንዴት አወቅህ?»

እንየው ሊዋሽ ይችል ነበር። ደብተሩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሽታዬ ገለጠችና ተራ ቁጥር አሥራ አንድን ከነቀኑ አነበበች።

«አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

«እኔ ስጽፍባት እያየህ?»

«አዎ። ቀንቼብሽ ነበር፤ አሁንም አልለቀቀኝም።»

ምንይችል ያበጠ እግሩን እያሸ «እኔ ባልሸከማት ሁለታችሁም የምትጣሉበት ነገር አይኖርም ነበር» አለ።

«እኔ ባልመርጣት ምን ትሸከም ነበር?» አለችው ሽታዬ። ወደ እንየው ዞራም «እንደዚህ ያለ ሰው በዚህ ወንበር ቢቀመጥ የባለጉዳይን ምሥጢር ይጠብቃል?» አለች።

እንየው መለሰ፦ «አንቺ ስለወደድሻት ጉድለቷን አላየሽም። ምንይችል በቅለቷ ብቻ ነው የሚያውቃት። እሷን ከነሕመሟ የማውቃት እኔ ነኝ። የሚያውቃትስ ካልያዛት ነገ የማን ይግባኝ ነው የሚቀረው?»

ጋሽ ደባልቄ ደብተሩን ላፕቶፗ ላይ አስቀመጡ። «አባቶቻችን ‹ምቀኛ አታሳጣኝ› ሲሉ እሰማ ነበር፤ ትርጉሙ ዛሬ ገባኝ» አሉ። «ግን እንዲህ ብለው የጸለዩት ምቀኛውን ወንበራቸው ላይ ሊያስቀምጡት ይሁን አይሁን አልነገሩኝም።»

የግንቦት ልደታ ደረሰ። ጠዋት ሦስቱም ሲመጡ ጋሽ ደባልቄ ቀድመዋቸው ተነሥተው ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከባለጉዳዮቹ በኩል ቆመዋል። ወንበሩ ባዶ ነው። ላፕቶፗ ተዘግታ፣ ገመዷ ተጠቅልሎ፣ ከጎኗ ደብተሩ ተቀምጦ ይጠብቃል። ሦስቱም ከወንበሩ ፊት ቆሙ፤ የተቀመጠ ግን የለም።

«ጋሼ፣ ይፍረዱልን እንጂ» አለ እንየው።

«እኔ አርባ አንድ ዓመት የሰው ክርክር ጻፍኩ እንጂ አልፈረድኩም» አሉና ወደ አላፊ አግዳሚው ዞሩ።

እንግዲህ ፍርዱ ለሰሚው ተተወ። ሽታዬ በአቅሟ ካለው ለሥራው የሚበጀውን መረጠች፤ ከወሬ ክምርም አቤቱታ አወጣች፤ ነገር ግን የያዘችውን ዕቃ አላወቀችውም። ምንይችል ወንዝ አሻገራት፤ ነገር ግን የተሸከመው በሌላ ሰው የተመረጠውን፣ ያመጣውም በሌላ ሰው የሚጻፈውን ነው። እንየው በመጨረሻዋ ሰዓት አዳነ፤ ያዳነውም በቅናት በሰበሰበው እውቀት፣ ሊያዋርድበት ደብቆ ባቆየው ነገር ነው። ስትፈርዱ ያንን አሥራ ዘጠኝ ቀን አትርሱ፤ ሰዓቱን እያየ የቆመባትን አንዲት ደቂቃም፣ ከደቂቃዋ በኋላ ነጠላውን የገለጠውን እጅም አትርሱ።

ላፕቶፗና ወንበሩ ለማን ይገባሉ?