የአያ ጅቦ ቋንጣ

ተረት ተረት! በሬው በበረት፣ ወሬው በእኔ አንደበት።

አያ ጅቦ ጋራ የሚያህል በሬ ጣለ። ሚስቱ ለልጆቻቸው የክረምት ቋንጣ እንዲሆን ሥጋውን ዘልዝላ፣ ጨው ነስንሳ፣ ከዛፍ ዛፍ በተዘረጋ ገመድ ላይ ሰቀለችው።

«እናቴን ጠይቄ እስክመለስ፣ እስኪደርቅ ጠብቅ» አለችው።

ጅቦ ከሥሩ ተጎለተ። «ደርቆ ይሆን?» ብሎ አንዷን ቀመሰ። እርጥብ ናት። «ይቺኛዋስ?» እሷም እርጥብ። እንዲህ አንድ በአንድ ሲመረምር ዋለ።

ሚስቱ በሦስተኛው ቀን ስትመለስ ባዶው ገመድ ይወዛወዛል።

«አንተ ሆዳም! ስንቃችን የታለ?»

«ምን ያስቆጣሻል፣ እሜቴ? ሻግቶ እንዳያሳፍረን ብዬ እየቀመስኩ ጠበቅኩት።»

«እሰይ የኔ ጠባቂ! በል እንግዲህ፣ ክረምቱ ሲገባ ለልጆችህ ገመዱን ዘልዝልላቸው!»

ተረቴን መልሱ፤ ቋንጣ ካላችሁም አቅምሱ።