ጢም ያበቀለችው መኪና

አንድ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ስሙ ይርዳው። ይህ ሰው አመሻሽ ላይ ከሱቅ ሲመለስ፣ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ኮብልስቶኑ ላይ በሆዱ ይተኛል። አዎ፣ ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ፣ በሩ ላይ፣ መኪናው አጠገብ። ጉንጩ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። በስልኩ መብራት ወዲህ ያያል፣ ወዲያ ያያል፤ ተነስቶ አቧራውን ያራግፍና ዞሮ በሌላኛው በኩል ይተኛል።

እንግዲህ ይህን እያየ ዝም የሚል ሰፈር የት አለ? ግምቱ ተጀመረ። አንዷ ቀለበት ጠፍቶበት ነው አለች። ሌላዋ ድምጿን ቀንሳ፣ ከመኪናው ሥር እንዲያስቀምጥ የታዘዘው ነገር ይኖራል፣ ጠንቋይ ቤት ሄዶ ይሆናል አለች። ከበላዩ የሚኖሩት ጡረተኛ ደግሞ የወገብ ስፖርት ነው፣ ለእኔም ሐኪም አዞልኝ ነበር አሉ። ግምት ሲበዛ አንጀት አያርስምና በመጨረሻ ሚስቱ አስካለ ተጠየቀች።

"ቸርኬውን እያየ ነው" አለች።

"ምኑን?"

"ቸርኬውን። ተጭሮ እንደሆነ ብሎ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ የተገዛችው ለአስካለ ነበር። አስካለ ዕድሜዋን ሙሉ በባሏ ሱቅ ጨርቅ ስትዘረጋና ስታጥፍ የኖረች ሴት ናት። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ሰርቪስ ልትሠራ ነው፤ የሰፈሩን ልጆች ጠዋት ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ከሰዓት በየቤታቸው መመለስ። የራሴ የምለው ሥራ ይኑረኝ ትል ነበር፤ ሌላ ነገር ስትመኝ ሰምቼ አላውቅም። እናቶቹም አመኗት። ልጆቹ ስሟን ሲጠሩ "አስኩ" እያሉ ነው፣ ገና ከመጀመሪያው ሳምንት።

መኪናዋ ስትመጣ ጎማዋ ወፍራም፣ ጎማው የሚገጠምበት ቸርኬዋም ጥቁር ብረት ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ይርዳው አንድ ቅዳሜ ይዟት ወጣና ሲመለስ እግሯ ሁሉ ተቀይሯል። ጥቁሮቹን ለጎሚስታው በቅያሬ ሰጥቶ፣ የአልሙኒየም ቸርኬ አስገጥሞ መጣ። ሰፋፊ፣ እንደተወለወለ ትሪ የሚያበራ፣ ቆማችሁ ፊታችሁን የምታዩበት። ጎማው ደግሞ እንደ ቀበቶ ቀጭን። ወንዶቹ ከበው እየዞሩ አደነቁ። እኛም አላደነቅንም አልልም፤ ያምራል።

ችግሩ፣ ቀጭን ጎማ ቸርኬን አይሸፍንም። ወፍራሙ ጎማ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ሲጠጋ፣ ከድንጋዩ ጋር የሚተሻሸው ጎማው ነው፤ ጉዳትም የለውም። ይኼኛው ግን ገና ጠጋ ሲል ቸርኬው ራሱ ድንጋዩን ይልሰዋል። ልጆች የምታወርድ ሴት ደግሞ ጠርዙን ሳትጠጋ ልትሠራ አትችልም። አስካለ ትንሿን ሲፈንን በራቸው ላይ ልታወርድ ስትጠጋ፣ የፊት ቀኙ ቸርኬ ላይ የጥፍር ያህል ጭረት ወጣ። ያን ዕለት ይርዳው እራት አልበላም። በሆዱ መተኛት የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሰው አንድን ነገር መጠበቅ ከጀመረ ብልሃት አያልቅበትም። ይርዳው መጀመሪያ የድሮ ካላማዳሪ ሰነጠቀና በሩ ላይ ያለውን የመንገድ ጠርዝ በጎማ ለበጠው። ድንጋዩን ካልሲ አለበሰው ብለን ሳቅን። ሳቁ ሳያልቅ እሱ ራሱ ችግሩ ገባው፤ ጠርዝ ያለው በየሰዉ በር ነው፣ በትምህርት ቤቱም በር ነው፣ ሁሉንም ማልበስ አይቻልም። ስለዚህ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ቆራርጦ ከመኪናዋ ቀኝ ጎን በታች አስበየደ። ሽቦዎቹ ወደ ውጭ ተንጨባረሩ። ጠርዙን ገና ከሩቅ ሲነኩት "ጭርርር" ይላሉ፤ ሹፌር ሰምቶ ይቆማል። ልጆቹ በደስታ ሊሞቱ ደረሱ። "መኪናችን ጢም አበቀለች" እያሉ ለሁሉም አወሩ።

ከዚያ ሕጉን ለሚስቱ ነገራት። በር ላይ ስለነገራት ሁላችንም ሰማን።

"ጢሙ ሲጮህ ትቆሚያለሽ። ከዚያ ወዲያ አንድ ስንዝር አትጠጊም።"

"እሺ።"

"የቀኝ ስፖኪዮሽን ደግሞ ወደ ታች አዘንብያት፤ ቸርኬው ይታይሻል።"

"የኋላዬስ?"

"የኋላሽን በመሀለኛው እይ።"

አስካለ መስታወቷን ወደ ታች አዘነበለች። ምን ታድርግ፣ መኪናው በስሙ ነው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ስትቆም በእሷና በጠርዙ መሀል ሰፊ ክፍት ቦታ ይቀራል። ልጆቹ ከመኪና ወርደው የእግረኛ መንገዱ ላይ መቆም ቀረ፤ መጀመሪያ አስፋልት ላይ ነው የሚያርፉት። ልጅ ደግሞ ከሁሉም ነገር ጨዋታ ያወጣል። ቦርሳቸውን አስቀድመው ይወረውራሉ፣ ከዚያ ተከትለው ይዘላሉ። በዚያው ክፍት ቦታ ደግሞ ዕቃ የሚያደርሱ ሞተረኞች መሽሎክ ለመዱ፤ መንገድ ሲዘጋጋባቸው ቀዳዳ ባገኙበት ይገባሉ።

የሲፈን እናት ይህን አየች። ዓይኗ ከእኔም ይብሳል።

"አስካልዬ፣ ልጆቹ መንገድ ላይ ነው እንዴ የሚወርዱት?"

"ተጠግቼ ባወርዳቸው እኔም ደስ ይለኛል። ባለቤቴን ታውቂዋለሽ።"

"እኔ የማውቀው አንቺን ነው፤ ልጄን የሰጠሁትም ለአንቺ ነው።"

የአስካለ ፊት ቀላ። ሥራዋ በዚያ ክፍት ቦታ ሾልኮ ሊሄድ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት መሰለኝ።

ትንሽ ቆይቶ አስካለ ዘመድ ሞቶባት ለቀብር አገር ቤት ሄደች። ይርዳው ሱቁን ዘግቶ ልጆቹን ራሱ ሊያደርስ ተነሳ። ጨዋ ሹፌር ነው፣ ውሸት አይወራበትም፤ ቀስ ብሎ ነድቶ ትምህርት ቤቱ በር ደረሰ። መስታወቱን ወደ ታች አዘንብሎ ወደ ጠርዙ መጠጋት ጀመረ። ቸርኬው በመስታወቱ ውስጥ ያበራል። ጢሙ "ጭርርር" አለ፤ ቆመ። ምንም አልተነካም። በልቡ ሳይኮራ አይቀርም።

ሲፈን በሩን ከፈተች፣ ቦርሳዋን ወረወረች፣ ልትዘል እግሯን ሰበሰበች።

ከኋላ የመጣ አንድ ሞተር በዚያ ክፍት ቦታ ገባ። ቦርሳው ላይ ወጣ፣ ተንገዳገደና ጠርዙን መትቶ ወደቀ። ሲፈን በሩን እንደያዘች ቀረች፤ እግሯ ገና መሬት አልነካም ነበር። ምሳ ዕቃዋ ተጨፍልቆ መኮሮኒው ተበትኗል።

ሞተረኛው እያነከሰ ተነሳ። መጀመሪያ ልጅቷን አያት፣ ደህና ናት። ከዚያ ወደ ይርዳው ዞረ።

"ጋሼ፣ መስታወት የለህም?"

ይርዳው ቀና ብሎ መስታወቱን አየ። መስታወቱ ውስጥ መንገድ የለም፣ ሞተር የለም፣ ሰው የለም። ያለው ቸርኬው ብቻ ነው፤ ላዩ ላይ የመኮሮኒ ስጎ ተረጭቶበታል።

ወሬው እሱ ከመመለሱ በፊት ሰፈር ደርሶ ነበር፤ ማን እንዳደረሰው አትጠይቁኝ። በማግስቱ የሲፈን እናት ልጇን በእጇ ይዛ በእነይርዳው መኪና ፊት ለፊት አልፋ በእግሯ ሄደች። ከኋላዋ ሌላዋ እናት ወጣች። ከዚያ ሌላዋ። አስካለ ከቀብር ስትመለስ መኪናዋን በሩ ላይ ባዶዋን ቆማ አገኘቻት። አልጮኸችም፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ጠየቀችው።

"ቸርኬው ደህና ነው?"

"ደህና ነው።"

"ልጆቹስ?"

ይርዳው ወደ ባዶዋ መኪና ዞረ።

"በቃ አሁን የሚነካብህ የለም" አለችው። "እንደ ልብህ አቁመው። እኔም ነገ ሱቅ እመጣለሁ፤ የሚታጠፍ ጨርቅ ይጠፋል ብለህ ነው?"

ያን ዕለት ይርዳው ኮብልስቶኑ ላይ አልተኛም። ሁላችንም ጠብቀን ነበር፤ አልተኛም። ቀጥ ብሎ ሄዶ የሲፈንን እናት በር አንኳኳ። ይቅርታ ጠየቀ፣ አዲስ ቦርሳ እገዛለሁ አለ፣ ከእንግዲህ ተጠንቅቄ እነዳለሁ አለ። ሴትየዋ በሩን በግማሽ ከፍታ ሰማችው።

"አቶ ይርዳው" አለችው፣ "ጥንቃቄህን ማ ይጠረጥራል? መሬት ላይ ተኝተህ ስትጠነቀቅ በየቀኑ እናይህ የለም እንዴ። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ ልጄ ከመኪናህ ስትወርድ እግሯ የት ያርፋል?"

ይርዳው ዞሮ የመንገዱን ጠርዝ አየ። ከዚያ "ነገ ጠዋት በርሽ ላይ ጠብቂን። ካልወደድሽው በእግርሽ ትወስጃታለሽ" ብሏት ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት መንገዱን የማይጠርግ፣ ቆሻሻ የማያወጣ ሰው አልነበረም። እኔም ትናንት የጠረግሁትን ደጅ እንደገና ጠረግሁ። አስካለ መሪውን ይዛ መጣች። ይርዳው የሲፈን በር ጋ ጠርዙ ላይ ቆሞ በእጁ ይጠራታል፤ ሰው መኪና ሲያስቆም እንደሚያደርገው።

"ነይ... ነይ... ነይ..."

ጢሙ "ጭርርር" አለ። አስካለ እንደለመደችው ፍሬን ያዘች።

"ማን ቁሚ አለሽ?" አላት። "ነይ።"

"ይነካል እኮ።"

"አውቃለሁ። ነይ።"

መጣች። ቸርኬው ድንጋዩን አገኘውና "ክርርር" የሚል ድምፅ ወጣ፤ ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ። ይርዳው መርፌ እንደሚወጋ ሰው ዓይኑን ጨፈነ፤ እጁ ግን መጥራቱን አላቆመም።

"ትንሽ... ትንሽ ነይ... በቃ።"

በሩን ከፈተው። የሲፈን እናት ጎንበስ ብላ በመኪናዋና በጠርዙ መሀል አየች። መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት የለም። ይርዳው ራመድ ብሎ የዘነበለውን ስፖኪዮ በገዛ እጁ ቀና አደረገው።

"የኋላሽ ይታይሻል?" አላት ሚስቱን።

አስካለ አየች። "ይታየኛል" አለች፤ "ሰፈሩ በሙሉ መጥረጊያ ይዞ ቆሞ እያየን ነው።"

የሲፈን እናት ሳቀች። ልጇን ከእግረኛ መንገዱ ላይ አንስታ በቀጥታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገችላትና በሩን ዘጋች። ከማዶ ያለችው እናትም የልጇን እጅ ይዛ መንገድ ለመሻገር ግራ ቀኝ ማየት ጀመረች።

ወዳጆቼ፣ ያማረ ነገር መውደድ ነውር የለበትም፤ የወደዱትን መጠበቅም እንዲሁ። የይርዳው ጥፋት ቸርኬውን መውደዱ ሳይሆን መኪናዋ ለምን እንደተገዛች መርሳቱ ነው። ጠርዙን የሸሸው ጭረት ፈርቶ ነው፤ ልጆቹ በሰላም የሚወርዱት ግን ከዚያው ከጠርዙ ሥር ሲቆም ነበር። አንድን ዕቃ ከጭረት ለማዳን ስንል የምንለቀው ክፍት ቦታ አለ፤ በዚያ ቦታ ደግሞ ሌላ ነገር ይገባበታል። ደግሞ መስታወቱን ሁሉ ወደ ራሱ ንብረት ያዘነበለ ሰው ንብረቱን በደንብ ያያል፤ ከኋላው የሚመጣውን ግን ሌላ ሰው ነው የሚነግረው፣ ያውም ከወደቀ በኋላ።

ይህን ለባለ መኪና ብቻ አትንገሩ። አዲስ ሶፋ ገዝቶ፣ ጨርቅ አልብሶ፣ እንግዳ እንዳይቀመጥበት ለሚሳሳውም ንገሩት። እኔ ግን ዛሬ ደጄን ስጠርግ ያሰብኩት ስለ ሌላው አይደለም፤ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ፦ ምንም እንዳይነካብኝ ብዬ የራቅሁት ነገር የት አለ? በዚያ በተውሁት ክፍት ቦታስ፣ እግሩ መንገድ ላይ የሚያርፈው ማነው?