ቀይ ክር የታሰረባት ታንኳ

አንድ ሰው ነበረ። ቆዪ አልጋነሽ፣ አታቻኩዪኝ፤ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «ሐኪሙ ለልጄ ለሶስና ያዘዘላትን የትኩረት መድኃኒት እህቴ መርዝ ነው ጣዪው ትለኛለች፤ አስተማሪዋ ደግሞ ልጅቷ ወርቅ ሆናለች ይለኛል፤ የማንን ልስማ?» ነው ያልሽኝ። መጀመሪያ የዚህን ሰው ነገር ስሚ።

ሰውየው የሚኖረው ሐይቅ ዳር ነበር። ያለችው አንዲት የደንገል ታንኳ ናት፤ እንጨትም እህልም በእሷ እያሻገረ ቤቱን ያስተዳድራል። ታንኳዋ ቀላልና ፈጣን ናት። ችግሯ አንድ ነው፤ መስመር አትይዝም። ትንሽ ነፋስ ሽው ሲል ወደዚያ ትዞራለች፤ ወፍ ውኃውን ሲነካው ወደዚህ ትዞራለች። ሌሎቹ ደርሰው ሲመለሱ እሱ ገና መሃል ላይ ይሽከረከራል። ይስቁበት ነበር። እሱም ንዴቱን በታንኳዋ ይወጣል፤ በመቅዘፊያው ጎኗን ይደበድባታል። በዱላ የቀናች ታንኳ አይተሽ ታውቂያለሽ? ማሰሪያዋን አላላው እንጂ ሌላ ያተረፈው ነገር የለም።

ሲመረው ወደ አንድ ሽማግሌ ታንኳ ሠሪ ይዟት ሄደ። ሽማግሌው ወዲያው መላ አላቀበለውም። ታንኳዋን ውኃ ላይ አድርጎ ተመለከታት፤ ከሥሯ የበሰበሰ ነገር እንዳይኖር በእጁ ዳበሳት፤ ደንገሏ ከየት እንደተቆረጠ ጠየቀ። ከዚያ ትንሽ ድንጋይ ሆዷ ውስጥ አስቀመጠና ሞከራት። አልበቃትም። ከፍ ያለ ጨመረላት፤ በዛባት፤ አነሳው። ሦስተኛው ላይ ታንኳዋ ፊቷን አቅንታ ሄደች። የሰውየው እንባ መጣ። እኔም ብሆን አለቅስ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ሲደበድባት ጥፋቱ እኮ የእሷ አልነበረም።

ሽማግሌው ግን አልጨረሰም። ውኃው ጎኗ ላይ ከደረሰበት ልክ አንድ ጣት ከፍ አድርጎ ቀይ ክር አሰረባት።

«ደንገል ውኃ ይጠጣል» አለው። «ዛሬ ልኳ የሆነ ድንጋይ ነገ ሊበዛባት ይችላል። ማታ ማታ ወደ ዳር ጎትተህ አድርቃት። ክሩን በየቀኑ እይ። ውኃው ክሩን ከነካው በራስህ አትጨምር፣ በራስህ አትቀንስ፤ ወደ እኔ አምጣት። ድንጋዩን ደግሞ ለማንም እንዳታውስ፤ የተመረጠው ለእሷ ነው።»

ሰውየው እሺ ብሎ ሄደ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ክሩን አየ። ታንኳዋ ቀጥ ብላ ስትሄድለት፣ የሳቁበት ሰዎችም ሲያመሰግኑት፣ ማየቱን ተወ። ማድረቁንም ተወ። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ከበደ፤ ታንኳዋም ዝቅ እያለች መጣች። የሚገርመው፣ ዝቅ ባለች ቁጥር ይበልጥ ጸጥ፣ ይበልጥ ቀጥ ትላለች። እሱም «አሁን ገና ታንኳ ሆነች!» እያለ ያደንቃታል። እየሰመጠች እንደሆነ አላወቀም። እዚህ ላይ ልብ በዪ።

አንድ ቀን ሚስቱንና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭኖ ተነሳ። መሃል ሲደርሱ ሚስቱ ወደ ጎን ጎንበስ ብላ «ክሩ የት አለ?» አለችው።

«ቀጥ ብላ እየሄደች አይደለም እንዴ? አሁን የክር ወሬ ምን አመጣው?»

ነፋስ ተነሳ። ማዕበሉ ትንሽ ነበር፤ የደረቀች ታንኳ የምትስቅበት ዓይነት። ይህቺ ግን መነሳት አቃታትና ውኃው በላይዋ አለፈ። ሰውየው ደነገጠ። «ይህ የተረገመ ድንጋይ!» ብሎ አነሳና ሐይቁ ውስጥ ወረወረው። የዚያን ጊዜ ታንኳዋ መስመሯ ጠፋት፤ ዞረች፤ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጥታ ተገለበጠች። ሚስቱን ሌሎች ቀዛፊዎች በቀሚሷ ይዘው አወጧት። ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ ሰውየው ደረቱን ሲደቃ ነበር። እሷ ተረፈች፤ ጤፉና ታንኳዋ ሐይቁ ውስጥ ቀሩ።

ሰውየው ሽማግሌው ዘንድ ሄዶ «ድንጋይህ ሊፈጀን ነበር!» ብሎ ጮኸበት። ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው።

«እኔ የሰጠሁህ ሁለት ነገር ነበር» አለው። «አንዱን ብቻ ይዘህ ሄድክ።»

አልጋነሽ፣ መድኃኒቱ ድንጋዩ ነው። እህትሽ ወርውሪው ትልሻለች፤ አስተማሪው ልጅቷ ቀጥ ስላለችለት ደስ ብሎታል። ሁለቱም ክሩን አላዩም። ክሩ የምትበላው ምግብ ነው፤ እንቅልፏ ነው፤ ኪሎዋና ቁመቷ፣ የልብ ምቷ፣ ሳቋም ጭምር። ሐኪሙ ገና ሳይጀምርላት «በቤተሰባችሁ የልብ ሕመም ያለበት አለ ወይ?» ብሎ የጠየቀሽ፣ በትንሹ ጀምሮ ቀስ እያለ የጨመረላት፣ «በየወሩ አምጫት» ያለሽ ለዚህ ነበር። ከወሰድሻት ስንት ወር ሆነሽ? አራት። የጎረቤትሽ ልጅም ለፈተና እንዲያነቃው ሁለት ፍሬ ለምኖሻል አሉ። እንዳትሰጪው፤ ለእሱ አልተመረጠም።

ስለ ሶስና ስትነግሪኝ መጀመሪያ ያነሳሽው የአስተማሪዋን ምስጋና ነው። የምሳ ዕቃዋ ሳይነካ እንደሚመለስ ግን እግረ መንገድሽን ጣል አድርገሽ አለፍሽ። እኔ የሰማሁት እሱን ነው። ላስፈራራሽ አይደለም፤ ይህ መድኃኒት ለስንት ልጅ መንገድ አቅንቷል፤ ለእሷም አቅንቶላት ይሆናል። ደግሞ ልጅሽ ታንኳ አይደለችም። ታንኳ አፍ የላትም፤ ከበደኝ አትልም። ሶስና ግን አፍ አላት። አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሻታል?

ምን አልሽ? ጮክ በዪ፣ ጆሮዬ ደክሟል። «እማ፣ ልቤ ይሮጣል» አለችሽ? አንቺስ ምን ብለሽ መለስሽላት?

«አርፈሽ አጥኚ» አልሻት።

በቃ፣ አታልቅሺ። ለማልቀስ ጊዜ የለንም። መድኃኒቱን ከነዕቃው ያዢው፤ እንዳትጥዪው፣ ሐኪሙ ይየው። ሶስናን ከትምህርት ቤት አስፈቅደን እንወስዳታለን፤ ክሊኒኩ ሳይዘጋ እንደርሳለን። ከዘራዬን አቀብዪኝ።